ከጣሪያ ላይ ሆናችሁ የሩቅ ፕላኔት ያዙ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ሌላ ኮከብ የሚዞር ፕላኔት በቤት ቴሌስኮፕ አይታይም። ክብ ነገር፣ ቀለበት፣ ደመና ምናምን ጠብቃችሁ ከወጣችሁ ተናድዳችሁ ትገባላችሁ። የዓለም ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች እንኳ በቀጥታ ፎቶ ያነሱት ጥቂቶቹን ነው። እናንተ የምትይዙት ሌላ ነገር ነው። ፕላኔቱ በኮከቡና በእኛ መካከል ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ትንሽ ይቀንሳል፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ያንን ቅናሽ ትለካላችሁ። ባለሙያዎቹ ትራንዚት ይሉታል፣ እኔ ማለፍ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቅናሹ ስንት ነው? ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ፊት ሲያልፍ 1 በመቶ ገደማ ብርሃን ይከልላል። መቶ አምፖል ከበራበት አዳራሽ አንዱን ማጥፋት ማለት ነው። ምድርን የሚያህል ከሆነ ግን ከመቶ አንዱ አምፖል ራሱ ተከፋፍሎ ከመቶ አንድ እጁ እንኳ አይሞላም፤ እሱን ለሳተላይቶች ተዉላቸው።

ትንሽ መሣሪያ ይበቃል ስል ለማጽናናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያኔ የሃርቫርድ ተማሪ የነበረው ዴቪድ ሻርቦኖና ባልደረቦቹ ኤችዲ 209458 የተባለ ኮከብ ፊት ፕላኔት ሲያልፍ የመዘገቡት ኮሎራዶ ውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ነው። ያን የሚያክል ቴሌስኮፕ ዛሬ ብዙ አማተር ቤት አለ። ካሜራው ደግሞ ከያኔው ተሻሽሏል።

በሉ እንጀምር።

1. መጀመሪያ "ቡና"ን ፈልጋችሁ አግኙ

ካሜራ ሳትነኩ፣ ኮምፒውተር ሳትከፍቱ፣ በባይኖኩላር ብቻ አንድ ደብዛዛ ኮከብ ፈልጎ ማግኘት ተለማመዱ። ይሄን ያልቻለ ሰው በኋላ ካሜራው የሚያሳየው መቶ ነጠብጣብ ውስጥ የራሱን ኮከብ አይለይም። ለልምምድ ደግሞ ከቡና የተሻለ የለም። አልቀለድኩም። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ ኤችዲ 16175 ደረሳት። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል። ሌላ ፕላኔት እዚያው ከተገኘ ቶና ብንለው ማን ይከለክለናል።

የሚፈለገው እንዲህ ነው። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ስልካችሁ ላይ ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ካርታ መተግበሪያ ጫኑና አልጎልና አልማክ የሚባሉትን ሁለት ደማቅ ኮከቦች ለዩ። በሁለቱ መካከል ግማሽ መንገድ አካባቢ በባይኖኩላር ስታዩ የተበተነ የኮከቦች መንጋ ታገኛላችሁ፣ ኤም 34 ይባላል። ከእሱ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ አልማክ በኩል፣ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በሚይዙት ቦታ ልክ ሂዱና ትንሽ ከፍ በሉ። ብሩህነቱ 7.3 ነው (ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ኮከቡ ይደበዝዛል)፣ በባዶ ዓይን አይታይም፣ በባይኖኩላር ግን ይገኛል።

አቦልን መለካት አትችሉም። የተገኘው ኮከቡ ሲወዛወዝ በመለካት ነው፣ ለዚያ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከቤት ዕቃ ውጭ ነው። ለእኛ ልምምድ ኮከቡ በቂ ነው።

2. የምትለኩትን ምረጡ

እስካሁን ከ6,000 በላይ የሩቅ ፕላኔቶች ተረጋግጠዋል። ለጀማሪ የሚሆኑት ግን በጣት ይቆጠራሉ። ኮከቡ ደማቅ፣ ቅናሹ ጥልቅ፣ ማለፉ አጭር መሆን አለበት። ሦስቱንም ያሟላ አንድ አለ፦ ኤችዲ 189733 ቢ። በ2005 የተገኘ ነው። ከእኛ 64 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ማለትም ዛሬ ማታ የምትለኩት ብርሃን ከዚያ የተነሳው በንጉሡ ዘመን ነው። ፕላኔቱ ኮከቡን በ2.2 ቀን አንዴ ይዞራል፣ ሲያልፍ 2.4 በመቶ ያህል ብርሃን ይከልላል፣ ማለፉ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አይሞላም። የኮከቡ ብሩህነት 7.7 ነው።

ቦታውም ምቹ ነው። ኤም 27 የሚባል ታዋቂ ጉም መሰል ነገር አለ፤ ሳጂታ ከሚባለው የቀስት ቅርጽ ያለው የኮከቦች ስብስብ ጫፍ ወደ ሰሜን ሦስት ዲግሪ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። ኮከባችሁ ከእሱ በስተምሥራቅ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ግማሽ ያህል ርቆ ቁጭ ብሏል። ፎቶ ስታነሱ ጉሙም አብሮ ይገባል፣ ስለዚህ "ትክክለኛው ኮከብ ይሄ ነው?" ብሎ መጨነቅ የለም።

ወቅቱን ልብ በሉ። ይህ ኮከብ ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ እሱ ደግሞ ለኛ ዝናብ ነው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሰማዩ ሲከፈት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለችው ጊዜ ናት የኛ። ጥቅምት ላይ ሲመሽ ኮከቡ አናታችንን አልፎ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምሯል። ይሄ ጥቅም አለው፣ አራተኛው ላይ እነግራችኋለሁ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ግን በበጋችሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዘና ብላችሁ ትሠራላችሁ። ቅናት አለብኝ።

ጥቅምት ካመለጣችሁ ዋስፕ-43 ቢ አለ። ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ፣ ከፍ ብሎ ይወጣል። ኮከቡን በ19 ሰዓት ተኩል አንዴ ስለሚዞር ዕድሉ ብዙ ነው፣ ማለፉም 1 ሰዓት ከሩብ አይሞላም። ችግሩ ኮከቡ ደብዛዛ ነው፣ 12.4። ለእሱ ቢያንስ 15፣ ቢቻል 20 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። መጀመሪያ በቀላሉ ጀምሩ።

3. ዕቃ

ዝቅተኛው ይሄ ነው፦ በሮው (ባልተቀናበረ ጥሬ ፋይል) የሚያነሳና ሁሉ ነገሩ በእጅ የሚስተካከል ካሜራ፣ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሰማዩን እየተከተለ የሚዞር ባለሞተር ማውንት (ካሜራውን ወይም ቴሌስኮፑን የሚሸከመው መቆሚያ)፣ ላፕቶፕ። በሌንሱ ፋንታ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ባለሌንስ ቴሌስኮፕ ካላችሁ ይበልጥ ጥሩ። በስልክ ካሜራ አይሆንም። በእጅ እየተገፋ የሚዞር ትልቅ ቴሌስኮፕም አይሆንም፣ ጨረቃን ለማየት የቱንም ያህል ቢያምር።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ማውንቱ ላይ አውሉት። ትልቅ ቱቦ በሚንገዳገድ ማውንት ላይ ከማስቀመጥ ትንሽ ሌንስ በጽኑ ማውንት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ሌንስ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ በስማቸው ዋስፕ የሚል ያለባቸውን ፕላኔቶች ያገኘው ፕሮጀክት ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድና ካናሪ ደሴቶች ላይ የተከላቸው መሣሪያዎች ዓይናቸው የካኖን 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር። ኬልት የተባለው ፕሮጀክት ሌንስ ደግሞ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፣ ከቡና ሲኒ አፍ ያነሰ።

አገር ቤት ዘመድ እንዲያመጣላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ቴሌስኮፕና ባይኖኩላር ሲገባ ፈቃድ ሊጠየቅበት ስለሚችል ቀድማችሁ አጣሩ። ኤርፖርት ላይ መከራከር ለማንም አይመከርም።

ባትሪ አትርሱ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ይጨልምና ሰማዩ ያምራል፣ በዚያው ቅጽበት ማውንታችሁ ይቆማል። ለሞተሩም ለላፕቶፑም ሌሊቱን የሚያደርስ ባትሪ ይኑራችሁ። ጋቢም ያዙ።

4. ሰዓት፣ ሰዓት፣ ሰዓት

አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፣ እኔም ጭምር። የመጀመሪያ ሙከራዬን ልንገራችሁ። ጥቅምት ነው። ማለፉ መቼ እንደሆነ ከሠንጠረዥ አየሁ፣ 8 ሰዓት ከምናምን ይላል፣ ማታ። ጥሩ ብዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተነሥቼ፣ ዕቃውን ሁሉ ጣሪያ ላይ አውጥቼ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ማውንቱን አስተካክዬ ኮከቡን ብፈልገው የለም። የለም ብቻ አይደለም፣ ከገባ ቆይቷል። ሠንጠረዡ ያለው በፈረንጅ ሰዓት 8 ነበር፣ በኛ ምሽት 2 ሰዓት። ፕላኔቱ እኔ እራት ስበላ አልፎ ሄዷል።

ስለዚህ ሁሉን ነገር ከዩቲሲ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ጀምሩ። የማለፍ ሠንጠረዦች የሚሠሩት በእሱ ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ የኛ ቆጠራ ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው። አንድ ላይ ሲሆን ነገሩ ይቀላል፦ ከዩቲሲ 3 ቀንሱ፣ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ቀንሱ፣ ከ1 ካነሰ 12 ጨምሩ። ማለፉ መሐሉ ላይ የሚደርሰው 17:40 ላይ ነው ከተባለ 14:40 ይሆናል፣ 12 ሲቀነስ 2:40። ምሽት 2 ሰዓት ከ40። በቃ። ቀኑንም ተጠንቀቁ፤ ከ21:00 ዩቲሲ በኋላ ያለ ነገር አዲስ አበባ ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የማግሥቱ ቀን ነው፣ እኛ ግን ሳይነጋ ቀኑ ተቀየረ አንልም። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ "የማክሰኞ ማታ፣ ለረቡዕ አጥቢያ" ብላችሁ ጻፉ፣ ሌላ መላ የለውም።

ሠንጠረዡን ከየት? የቼክ ሥነ ፈለክ ማኅበር ተለዋዋጭ ኮከቦች ክፍል የሚይዘው የኤክሶፕላኔት ትራንዚት ዳታቤዝ አለ። ከተማችሁን በኬክሮስና በኬንትሮስ ስታስገቡ፣ አዲስ አበባ 9 ሰሜን፣ 38.7 ምሥራቅ፣ ያን ማታ ከእናንተ ቦታ የሚታየውን ማለፍ ይዘረዝርላችኋል። ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ማለፉ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 40 ደቂቃ፣ ካለቀ በኋላም 40 ደቂቃ ሰማዩ ጨልሞ ኮከቡ ከፍ ብሎ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ ቅናሹን የምታወዳድሩበት ሜዳ አይኖራችሁም። ሁለተኛ፣ ኮከቡ ከአድማስ 30 ዲግሪ በታች ሲወርድ አየሩ ይወፍርና ልኬቱ ይበላሻል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ኤችዲ 189733 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ብቻ ነው የሚያስኬደው። ሦስተኛ፣ ኮከቡ በማለፉ መሐል የአናት መሥመርን (ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናታችን የሚያልፈውን የሰማይ መሥመር) እንዳያቋርጥ። ብዙ ማውንት እዚያ ሲደርስ ተገልብጦ በሌላ ጎን ካልዞረ አይቀጥልም፣ ሲገለበጥ ደግሞ ኮከቡ ካሜራው ላይ ቦታ ይቀይራል፣ ግራፋችሁም መሐሉ ላይ ደረጃ ይሠራል። ጥቅምት ጥሩ ነው ያልኩት ለዚህ ነው፣ ኮከቡ ሲመሽ መሥመሩን አልፏል።

ይህን ሁሉ የሚያሟላ ምሽት በወር አንዴ ወይ ሁለቴ ቢገኝ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ። ሲገኝ ሠርግም ቢኖር አስቡበት።

የላፕቶፑን ሰዓት በኢንተርኔት ወይም በጂፒኤስ አስተካክሉ፣ በዚያው ማታ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት። ካሜራው የራሱ ሰዓት ካለው እሱንም። ግማሽ ደቂቃ መሳት ግራፉን አያበላሽም፣ ነገር ግን ውጤታችሁ ለሳይንስ የሚጠቅመው በሰዓቱ ነው።

5. ማውንቱን ወደ ሰሜን ማቅናት (እንጦጦ ባይኖር)

ከአውሮፓ የሚጻፉ መመሪያዎች "የሰሜን ኮከብን አነጣጥሩ" ብለው ያልፉታል። አዲስ አበባ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ ከጭብጡ ከፍታ በታች ነው። ሰሜን በኩል ደግሞ እንጦጦ አለ። ተራራው አናት 3,200 ሜትር ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ያለበት ኦብዘርቫቶሪ ተሠርቷል፣ ለእነሱ ተመቻቸው፤ ሥሩ ለምንኖረው ተራራው ኮከቡን ይጋርደናል። ደቡብ በኩል ከተማው ጠርዝ ላይ ያላችሁ ታዩት ይሆናል፣ ጭጋግና የመንገድ መብራት ካልበላው።

ሌላም አለ። ብዙ ማውንት ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ ኬክሮስ በታች አይወርድም፣ የተሠራው ለእኛ ታስቦ አይደለማ። ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ። ገዝታችሁት ከሆነ የሰሜን በኩሉን እግር አሳጥሩ ወይም በደቡብ በኩል ያሉትን እንጨት አስገብታችሁ ከፍ አድርጉ፣ እስኪያዘነብል። እንዳይወድቅ ግን ክብደቱን ፈትሹ።

የሰሜን ኮከብ ሳይታይ እንዲህ ይደረጋል። ማውንቱን በኮምፓስ ወደ ሰሜን አቅጣጫ አስቀምጡ። ከዚያ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ በሚያልፈው የሰማይ መሥመር) አካባቢ ያለ፣ በአናት መሥመር አጠገብ የሚገኝ አንድ ኮከብ በከፍተኛ ማጉላት ያዙና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ማውንቱ ወደ ምሥራቅ በዝቷል፣ ወደ ሰሜን ከተንሸራተተ ወደ ምዕራብ በዝቷል። አስተካክሉና ድገሙ። ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ ኮከብ ያዙ። ወደ ደቡብ ከሸሸ አክሲሱ (ማውንቱ የሚዞርበት ዘንግ) ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ከፍ ብሏል። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ይፈጅባችኋል፣ ሲለመድ ሃያ ደቂቃ። ጨርሳችሁ የማውንቱን እግሮች ቦታ ጣሪያው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ በሚቀጥለው ትመርቁኛላችሁ።

ለጎረቤትና ለጥበቃም ንገሩ። ጨለማ ውስጥ ጣሪያ ላይ ቱቦ ደግኖ የሚያመቻች ሰው ጥሩ ስሜት አይሰጥም። ከነገራችኋቸው በኋላ ደግሞ "እስቲ ኮከቤን ንገረኝ" ይመጣል፣ እሱን በትዕግሥት ቻሉት።

6. ቀረጻው

እዚህ ፎቶ አንሺዎች ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም የምላችሁ ነገር ቆንጆ ፎቶ የሚያበላሽ ነው። ፎከሱን አበላሹት። ኮከቡ ጥርት ያለ ነጥብ ከሆነ ብርሃኑ ሁሉ ጥቂት ፒክስል ላይ ይፈስና ሞልቶ ይገነፍላል፣ የሞላ ፒክስል ደግሞ አይለካም። ኮከቡ ከ15 እስከ 20 ፒክስል የሚሰፋ ክብ እስኪሆን ድረስ ፎከሱን ፍቱት፣ ጎረቤት ኮከብ ላይ እስኪደረብ ግን አይደለም። ከዚያ አውቶፎከሱን አጥፉና ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቁት።

አይኤስኦ 200 ወይም 400። የመጋለጫ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ። በጣም አጭር ከሆነ የኮከቡ ብልጭ ድርግም ማለት ራሱ ልኬቱን ይረብሻል። አንድ ሙከራ አንሥታችሁ የኮከቡን ከፍተኛ የፒክስል ዋጋ እዩ። ባለ 14 ቢት ካሜራ እስከ 16,383 ይቆጥራል፣ ከ10,000 አትለፉ። ባለ 16 ቢት ከሆነ ጣሪያው 65,535 ነው፣ ከ20,000 እስከ 40,000 መሐል ሁኑ። ጄፔግ አይታሰብ።

ኮከቡን ብቻ መሐል ላይ አትክተቱ። አጠገቡ ብሩህነታቸውም ቀለማቸውም የሚቀራረብ ከሦስት እስከ አምስት ኮከቦች አብረው ይግቡ። የሥራው ነፍስ እነሱ ናቸው። ስስ ደመና ቢያልፍ፣ ጭስ ቢነሣ፣ ኮከቡ ቢያዘቀዝቅ፣ ሁሉም አብረው ይደበዝዛሉ። ፕላኔቱ ግን የሚያደበዝዘው አንዱን ብቻ ነው።

ማለፉ ከመጀመሩ ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀድማችሁ ጀምሩ። ከዚያ አትንኩት። አይኤስኦ አይቀየር፣ ጊዜው አይቀየር፣ ፎከስ አይነካ፣ ሰው ጣሪያው ላይ አይራመድ። ኮከቡ በፎቶው ላይ ቀስ እያለ የሚሸሽ ከሆነ ብቻ በማውንቱ ቁልፍ በጥቂቱ መልሱት። ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳያርፍ በየሰዓቱ ከጎን ሆናችሁ በባትሪ ተመልከቱ፤ እኔ አንዴ ግሩም የሚመስል ቅናሽ አግኝቼ በደስታ ልዘል ስል ሁሉም ኮከቦች አብረው እየቀነሱ ነበር፣ ለካ ጤዛ ነው።

ሲያልቅ ዕቃውን ወዲያው አትፍቱ። ክዳኑን ዘግታችሁ በዚያው የመጋለጫ ጊዜና አይኤስኦ 20 ፎቶ አንሡ፣ ዳርክ ይባላል። ከዚያ በካሜራው አጭሩ ጊዜ 20፣ እሱ ባያስ ነው። በመጨረሻ ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ንጹህ ነጭ ጨርቅ ወጥራችሁ፣ እኔ የታጠፈ ነጠላ ነው የምጠቀመው፣ ጥለቱ ዳር እንዲቀር አድርጌ፣ ወጥ በሆነ ብርሃን ፊት 20 አንሡ። ፍላት ይሉታል። አቧራና የሌንሱ ዳር ጨለማ የሚጠፋው በእሱ ነው። ፎከሱም የካሜራው አቀማመጥም ሳይነካ መሆን አለበት።

7. መለካት

ነጻ ፕሮግራም አለ፣ አስትሮኢሜጅጄ ይባላል። ኤክሶክሎክ የተባለው ፕሮጀክት የሚያቀርበው ሆፕስ ደግሞ ለጀማሪ ይቀላል፣ በእሱ ጀምሩ። ሥራው ይሄ ነው። መጀመሪያ ፎቶዎቹን በዳርክ፣ በባያስና በፍላት ያጸዳል። ቀጥሎ ሁሉንም ኮከብ በኮከብ ያስተካክላል። ከዚያ በኮከባችሁ ዙሪያ ክብ ትሠራላችሁ፣ ኮከቡን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ፣ ከዚያ ብዙ ያልሰፋ። ማነጻጸሪያዎቹም ላይ ያንኑ ክብ። ፕሮግራሙ በየፎቶው ውስጥ ያለውን ብርሃን ደምሮ የናንተን ለእነሱ ያካፍላል፣ ውጤቱን በሰዓት ይደረድራል። ባለቀለም ካሜራ ከሆነ አረንጓዴውን ብቻ ተጠቀሙ።

ግራፉ መጀመሪያ ሲወጣ የጉንዳን መንጋ ይመስላል። አትደንግጡ። የአምስት አምስት ደቂቃውን አማካይ ውሰዱ። ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ይወርዳል፣ ታችኛው ላይ ይቆያል፣ ይመለሳል። ያ ጉድጓድ ፕላኔት ነው።

ከማመናችሁ በፊት ግን አንድ ፈተና፦ ከማነጻጸሪያዎቹ አንዱን ዒላማ አድርጋችሁ ያንኑ ሥራ ድገሙ። ግራፉ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እሱም ጉድጓድ ካሳየ ችግሩ የናንተ ነው፣ ጤዛ ወይ ደመና ወይ ሞልቶ የፈሰሰ ፒክስል። አንዱ ማነጻጸሪያ ብቻውን ወጣ ገባ ካለ ራሱ ተለዋዋጭ ኮከብ ሊሆን ይችላል፣ አውጡት።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል። ጉድጓዱ 2.4 በመቶ ጥልቀት ካለው የ0.024ን ካሬ ሥር (ስኩዌር ሩት) አውጡ፣ 0.155 ይሆናል። የፕላኔቱ ስፋት ለኮከቡ ስፋት ያለው ድርሻ ነው ማለት ነው። የኮከቡ ራዲየስ ከፀሐይ ሦስት አራተኛ ትንሽ ያልፋል፣ 529,000 ኪሎ ሜትር ግድም። በ0.155 ስታባዙት 82,000 ኪሎ ሜትር። የጁፒተር 71,500 ነው። እንግዲህ ጣሪያችሁ ላይ ሆናችሁ 64 የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ ዓለምን ሜትር ይዛችሁ ለካችሁት፣ ከጁፒተር ይተልቃል። እኔ ያን ማታ ሚስቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። "ነገ አይሆንም?" አለች።

8. አዲስ ማግኘትስ?

እንዳትሸወዱ፣ ብቻችሁን ጣሪያ ላይ ሆናችሁ ማንም የማያውቀውን ፕላኔት የማግኘት ዕድላችሁ በጣም ጠባብ ነው። በፊታችን የሚያልፉት ጥቂቶቹ ናቸው፣ የትኛው ኮከብ መቼ እንደሚደበዝዝም አስቀድሞ አይታወቅም። ግኝት ውስጥ የሚገባበት በር ግን አለ፣ እንዲያውም ሁለት።

አንደኛው ቴሌስኮፕ እንኳ አይፈልግም። ቴስ የተባለው የናሳ ሳተላይት የብዙ ሺህ ኮከቦችን ብርሃን ይለካል፣ መረጃው ለሁሉም ክፍት ነው። ፕላኔት ሃንተርስ ቴስ በሚባለው ፕሮጀክት ሰው በዓይኑ ግራፍ እያየ ጉድጓድ ይፈልጋል። ከእሱ በፊት በነበረው የኬፕለር ዙር ሁለት በጎ ፈቃደኞች አራት ኮከቦች ባሉበት ሥርዓት ውስጥ ፕላኔት አይተው ግኝቱ በ2012 ይፋ ሆኗል። ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል፣ ዝናብ ለሆነ ክረምት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም።

ሁለተኛው ለባለ ቴሌስኮፕ ነው። የቴስ አንድ ፒክስል ሰማዩ ላይ 21 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ነው) ይሸፍናል፣ አንዷ ፒክስል ውስጥ ብዙ ኮከብ ይታጨቃል። ቅናሽ ሲያይ የደበዘዘው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ፕላኔት የመሰለው ጎረቤት ላይ ያሉ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋረዱ ኮከቦች ሊሆኑ ይችላሉ። የናንተ ቴሌስኮፕ ግን ይለያቸዋል። እዚህ ለመግባት ልምድ ማሳየት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በታወቁት ፕላኔቶች ላይ ጥቂት ንጹህ ግራፍ አከማቹ።

ለእነዚያ ግራፎች ቦታቸው ኤክሶክሎክ ነው። የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት አሪየል ለተባለው ቴሌስኮፑ የማለፍ ሰዓቶችን የሚያጠራ ፕሮጀክት ሲሆን ከአማተሮች ይቀበላል። ለምን እንደሚፈልጉን አስቡት፦ የአንድ ፕላኔት የዙረት ጊዜ በ1 ሰከንድ ብቻ ከተሳተ ከ1,000 ዙር በኋላ ስሕተቱ 1,000 ሰከንድ ይሆናል፣ ወደ 17 ደቂቃ። ውድ የጠፈር ቴሌስኮፕ ደግሞ 17 ደቂቃ ቆሞ አይጠብቅም። አፍሪካ ቀንድ ላይ የሚለካ ሰው ጥቂት ስለሆነ አውሮፓ ገና ሳይመሽ፣ እስያ ሲነጋ የሚያልፈውን የምንይዘው እኛ ነን።

ስትልኩ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ፎቶዎቹን ሳትሰርዙ፣ የተበላሸውን ክፍል ሳትደብቁ ላኩ። ደመና የገባበትን ደቂቃ ጻፉት። ማታ 2 ሰዓት ከምናምን ብላችሁ ግን እንዳትልኩ፣ እነሱም ሌሊት ይነሣሉ።